በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ የአፍ ካንሰር የአንገት ንፍፊት ቀዶ ሕክምና

የአፍ ካንሰር መሰራጨት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገት ላይ ባሉት ንፍፊቶች (የሊምፍ ዕጢዎች) ውስጥ ነው። የሚያስቸግረው አፍ ውስጥ ያለው የካንሰር ዕጢ ትንሽ ሆኖ አንገቱም ሲዳሰስ ጤነኛ ሲመስል ነው። ሲቲ ስካንና አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው ካሏቸው ሕሙማን ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ በንፍፊቱ ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ይገኛል። ታዲያ የምላሱ ወይም የጉንጩ ዕጢ ሲወጣ አንገቱ ምን ይደረግ?

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ክራይል እ.ኤ.አ. በ1906 የ132 የአንገት ቀዶ ሕክምናዎችን ውጤት አሳተመ። በእሱ ዘዴ ንፍፊቱ ከአንገት ጡንቻው፣ ከትልቁ ደም መልስና ትከሻን ከሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጋር አብሮ ይወጣ ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ ኦስቫልዶ ሱዋሬዝና ኤቶሬ ቦካ ጡንቻውን፣ ደም መልሱንና ነርቩን ማትረፍ እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ንጹሕ ለሚመስል አንገት የሚወጣው ከመንጋጋ ሥር እስከ አንገት መሃል ገደማ ያለው ንፍፊት ነው።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ፣ አሁኑኑ ይውጣ ወይስ እብጠት እስኪታይ ይጠበቅ የሚለው ነበር። ቁርጥ ያለውን መልስ የሰጠው በሕንድ ሙምባይ የሚገኘው ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። በቀዶ ሐኪሙ አኒል ዲክሩዝ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 የ500 ሕሙማንን ውጤት አቀረበ። ንፍፊታቸው ቀድሞ ከወጣላቸው 80 በመቶ የሚሆኑት ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ከጠበቁት ደግሞ 67.5 በመቶ። በዕጣ የተመደቡ ሰዎች ላይ የታየ ልዩነት ስለሆነ ክብደቱ ትልቅ ነው። ብዙ ሕሙማን የሚያክም ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጥያቄ ወስዶ ለዓመታት ሲደክምበት የሚያኮራ ሥራ ነው። እርግጥ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ዕጢ ላይ ጥቅሙ ያን ያህል ግልጽ አልነበረም። የዕጢው ጥልቀት አሁን የካንሰሩ ደረጃ በሚወሰንበት መለኪያ ውስጥም ገብቷል።

ሦስተኛው አማራጭ ሴንቲኔል ኖድ ባዮፕሲ ነው፤ ዘበኛውን ንፍፊት መመርመር ማለት ነው። ዕጢው ዙሪያ ትንሽ ጨረር ያለው ፈሳሽ ይወጋል። ፈሳሹ ቀድሞ የደረሰባቸው ጥቂት ንፍፊቶች በመሣሪያ ተፈልገው ይወጣሉ። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) በስሱ እየቆራረጠ ያያቸዋል። ካንሰር ካልተገኘ የቀረው አንገት አይነካም፤ ከተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። በፈረንሳይና በጃፓን የተደረጉ ንጽጽሮች ውጤቱ ከሙሉው ቀዶ ሕክምና እንደማያንስ አሳይተዋል። በጃፓኑ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ዘበኛው ንፍፊት ከተመረመረላቸው 87.9 በመቶ፣ ሙሉው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደግሞ 86.6 በመቶ ነበሩ። ትከሻና አንገትም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የተሻለ ይንቀሳቀሳሉ።

ዘዴው ግን ልምድ ያለው ቡድን ይፈልጋል። ዕጢው ከምላስ በታች ባለው የአፍ ወለል ላይ ከሆነ የፈሳሹ ጨረር በአቅራቢያው ያለውን ንፍፊት ሊሸፍነው ይችላል። የወጣው ቦታ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ሥጋ የሚሞላ ከሆነም የሥጋውን ደም ሥር ከአንገት ደም ሥር ጋር ለማገናኘት ሲባል አንገቱ መከፈቱ አይቀርም፤ ያኔ ንፍፊቱን አብሮ ማውጣቱ ይሻላል።