ስለ ሩሲያኛ የሚወራውና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሠራዊት አባላት ማታ ማታ ሩሲያኛ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ በላይ የሚያደክመኝ ተማሪ ከክፍል እንዳይቀርብኝ ማባበሉ ነው። የሚያስቀራቸው ደግሞ ወሬ ነው።

«ሶቭየት ፈርሳ ሩሲያኛ ምን ሊሠራ?»
ብዙ ይሠራል! ከተባበሩት መንግሥታት 6 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ከሩሲያ ጋር ብሪክስ የሚባለው የአገሮች ስብስብ አባል ናት። አየር ኃይላችን ሱ-27 ተዋጊ ጄትና ሚ-35 ሄሊኮፕተር አለው፣ የሁለቱም ዋናው ማኑዋል በሩሲያኛ የተጻፈ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው በሶቭየት ድጋፍ ነው።

«ፊደሉ ያስፈራል።»
33 ፊደል ነው። የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ 231 የቆጠረ የጎጃም ልጅ ይህን ይፈራል?

«ሰዋስውማ አይሞከርም።»
እዚህ ላይ ልቆይ። አዎ፣ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚሠራው ሥራ ጫፉ በ6 ሙያ ይለዋወጣል። ግን እኛስ? መጽሐፍ «ክኒጋ» ነው፤ «መጽሐፉን አነበብኩ» ስትሉ «ክኒጉ» ይሆናል። የእኛ «ን» የምትሠራውን እዚያ «ኡ» ሠራችው፣ በቃ። «ነኝ» የሚባል ጣጣም የለም፦ «ያ ሶልዳት» ካላችሁ «እኔ ወታደር ነኝ» ብላችኋል። የሚከብደው ግሱ ነው። ማንበብ «ቺታት»፣ አንብቦ መጨረስ «ፕሮቺታት»፤ ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ አልዋሽም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶቹ ለሩሲያኛም ለአማርኛም የመደበው እኩል ነው፣ ወደ 1100 የክፍል ሰዓት። እነሱ እኩል የሚፈሩትን አንዱን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጨርሰነዋል።

«ትእዛዝ ከወረደ ይማራሉ።»
የሚያናድደኝ ይህ ነው። ትእዛዝ ሰውን ወንበር ላይ ያስቀምጣል እንጂ ቃል አያስጠናም። አንድ ዙር በትእዛዝ የመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ አቴንዳንሱ ሙሉ፣ የቤት ሥራ የሠራ ግን አንድም የለም። ከመካከላቸው ለአንዱ መካኒክ የሞተር ጥገና ገጽ በሩሲያኛ አመጣሁለት። በማግስቱ ያልገቡትን ቃላት አስምሮባቸው መጣ፣ ከዚያ በኋላ ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ አለቆች፣ ከሥራ ሰዓታቸው ላይ ቀንሱላቸው፣ ፈተናውን ላለፈ በደረጃ ዕድገት ነጥብ ያዙለት፣ የተማረውንም የሚሠራበት ቦታ መድቡት። ደክሞት ከሥራ የወጣ ሰው ማታ 12 ሰዓት ላይ በባዶ ማስፈራሪያ አይማርም።

የሚቀጥለው ዙር ላይ የምትመጡ፣ ከሥራችሁ አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ። ትምህርቱን ከእሱ እንጀምራለን።