ስለ ውሻ ማዝል የሚባሉ ነገሮች፣ የቱ እውነት ነው?

ማዝል (የውሻ አፍ ማሰሪያ) ያደረገ ውሻ ሲያልፍ ሰው መንገድ ይቀይራል፣ ባለቤቱን ይገላምጣል፣ አንዳንዱ ደሞ "ምስኪን፣ ምን ቢያደርግ ነው" ይላል። በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም በዚ የተነሳ ውሻቸው ማዝል ሚያስፈልገው ሰዎች "ሰው ምን ይለኛል" ብለው ይተዉታል፣ ዞሮ ዞሮ ሚጎዳው ውሻው ነው። ስለዚ በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

"ማዝል ካደረገ ተናካሽ ነው"

አንዳንዱ አዎ ይናከሳል፣ ሌላው ግን በጭራሽ። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሚውጥ ውሻ አለ፣ ካልሲ በሉት ድንጋይ በሉት የተጣለ አጥንት፣ ከሁሉ የባሰው ደሞ የአይጥ መርዝ፣ እንደዚ አይነቱን ማዝል ከሞት ነው ሚያተርፈው። ግሬይሀውንድ የሚባሉት የእሽቅድምድም ውሾች ውድድር ላይ ማዝል አድርገው ነው ሚሮጡት፣ ቤት ውስጥ ግን በገራምነታቸው ነው ሚታወቁት። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ውስጥም ውሻ ይዞ ሜትሮ ወይም ባስ ለመሳፈር ማዝል ግዴታ ነው፣ መያዣ ውስጥ የገቡ ትንንሾችና እንደ ዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ያሉት ሲቀሩ፣ "ይናከሳል ወይ" ብሎ ሚጠይቅ የለም።

"የኔ ውሻ ነክሶ አያውቅም፣ አያስፈልገውም"

መኪና ገጭቶት እግሩ የተሰበረ ውሻ ሊያነሳው የሞከረውን የራሱን ባለቤት ሊነክስ ይችላል። ክፋት አይደለም፣ ህመም ነው። እንደዛ በተጨነቀበት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ማዝል ከማጥለቅ ደህና እያለ ቢለምደው ይሻላል፣ እኔ እንደውም ማንኛውም ውሻ መልመድ አለበት ባይ ነኝ።

"ጭካኔ ነው፣ መተንፈስ አይችልም"

እዚ ጋ ግማሽ እውነት አለ፣ ለዛ ነው በደንብ መለየት ያለበት። ውሻ እንደኛ መላ ሰውነቱ አያልበውም፣ መዳፉ ላይ ካለው ትንሽ ላብ በስተቀር ሰውነቱን ሚያቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አሁን አፍን ጥብቅ አርጎ ሚዘጋውን የጨርቅ ወይም የናይለን ማዝል አስቡት፣ ማለክለክ የለም፣ ውሃ መጠጣት የለም፣ ቢያስመልሰው ደሞ ሊታነቅ ይችላል። እሱ ሐኪም ጋ ለጥቂት ደቂቃ ምርመራ ነው እንጂ ለእግር ጉዞ፣ ያውም በፀሐይ፣ በፍፁም መሆን የለበትም! ቅርጫት የሚመስለው ባስኬት ማዝል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ልክ ከሆነ ውሻው ውስጡ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በክፍተቱ ምግብ ይቀበላል። ስትገዙ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ሚበቃው ቦታ መኖሩን እዩ፣ አይኑን እንዳይነካ፣ የአፍንጫውን ጫፍ እንዳይጫነው፣ ቆዳውን እንዳይልጠው። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ፊተ ጠፍጣፋዎች ደሞ ለነሱ ተብሎ የተሰራ ነው ሚያስፈልጋቸው፣ ትንፋሻቸውም ቀድሞውኑ አስቸጋሪ ስለሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

"ይታገላል፣ ስለዚ ይጠላዋል"

ሚታገለው በግድ ስለተደረገለት ነው። ገዝቶ መጥቶ የዛኑ ቀን አፉ ላይ አጥልቆ ቆልፎ ይዞ መውጣት፣ ብዙ ሰው ሚያበላሸው እዚ ጋ ነው። መጀመሪያ ማዝሉን አሳዩት፣ ሲያሸተው የሚወደውን ስጡት፣ በቃ ለዛ ቀን ይበቃዋል። ቀጥሎ ውስጡ ምግብ ቀብታችሁ ራሱ አፉን ያስገባ፣ እናንተ አትግፉት። ወዶ ማስገባት ሲጀምር ማሰሪያውን ለሁለት ሶስት ሰከንድ ብቻ ቆልፋችሁ ፍቱት፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ሰዓቱን ጨምሩ፣ ሳምንታት ቢወስድ ምንም አይደለም። የኦቾሎኒ ቅቤ ምትጠቀሙ ከሆነ ግን ዛይሊቶል ሚባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት ማሸጊያውን አንብቡ፣ ውሻን ይገድላል።

"ጩኸት ያስተወዋል"

አያስተወውም። ሚጮኸው ፈርቶ ወይ ሰልችቶት ከሆነ ምክንያቱ እዛው ነው ያለው፣ አፉን መዝጋት ጭንቀት ነው ሚጨምርለት። ለቅጣት ማድረግማ ጭራሽ፣ ያለማመዳችሁትንም ታጠፉታላችሁ።

"ማዝል ካለው ስጋት የለም፣ ክትባትም አያስፈልግም"

ማዝል ያደረገ ውሻ በማዝሉ ሊመታ፣ በጥፍሩ ሊቧጥጥ፣ ታግሎም ሊያወልቀው ይችላል፣ ስለዚ ገመዱ ከእጃችሁ አይውጣ፣ ማዝል አድርጎም ብቻውን አትተዉት፣ ማዝል በሌላቸው ውሾች መሀልም አትልቀቁት፣ ራሱን መከላከል አይችልም። የክትባቱ ነገር ደሞ፣ እውነት ነው እንግሊዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ውሻ ሁሉ ማዝል እንዲያደርግ እያስገደደች ነው የእብድ ውሻ በሽታን እ.ኤ.አ. በ1902 ከአገሯ ያጠፋችው፣ ግን ያኔ ውሾችን በጅምላ መከተብ አልተጀመረም ነበር። ዛሬ ክትባቱ አለ፣ ቫይረሱ ደሞ በምራቅ ቁስል ወይ አይን ውስጥ መግባት ስለሚችል ማዝል እሱን አይተካም።

"አፉ ስለታሰረ መንካት ይቻላል"

ይሄኛው ከልጆች ጋር በተለይ ያሳስበኛል። ውሻው ማዝል ያደረገው ምናልባት እንግዳ ሰው ስለሚያስፈራው ነው፣ ከላይ ሚመጣ እጅ ደሞ ይበልጥ ያስፈራዋል። ባለቤቱን ጠይቁ፣ አይሆንም ካለ ራቅ ብላችሁ እለፉ።