ጋዜጠኛና ኮድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ "ጋዜጠኛ ፕሮግራሚንግ ተምሮ ምን ሊያደርግ ነው?" የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። አብረውት የሚነሱት ምክንያቶች ግን አብዛኞቹ ልክ አይደሉም። ጎበዝ ወጣት ዘጋቢዎች ገና ሳይሞክሩት የሚተውት በእነሱ የተነሳ ስለሆነ ያሳዝነኛል።

"ሒሳብ የማይሆንለት ሰው አይችለውም"

ለዜና የሚበቃው መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈልና መቶኛ ማውጣት ነው። ስሌቱን ማሽኑ ይሠራዋል። ለእኔ ነገሩ የሚቀርበው ለቅኔ ትምህርት ነው። ዋሸራ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ቁጠር አይባልም። ግስ ያጠናል፤ ከዚያ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ኮድም፣ ማለት ለኮምፒውተሩ የምንጽፍለት ትእዛዝ፣ እንደዚያው ነው። የሰንጠረዥ ፋይል ከፍታችሁ የአንዱን ዓምድ ቁጥሮች የምትደምሩባቸው ሦስት አራት መስመሮች ጉባኤ ቃናችሁ ናቸው።

"እንግሊዝኛው ይከብዳል"

ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለራሱ ብቻ የያዛቸው ቃላት 35 ገደማ ናቸው። መማሪያዎቹ በብዛት በእንግሊዝኛ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ለቁጥሮቻችሁ "ዋጋ"፣ "ገበያ" ብላችሁ በራሳችን ፊደል ስም ብታወጡላቸው ፓይተን ይቀበላል።

"ኮምፒውተር አማርኛ አይገባውም"

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው፤ አንዱን ስም በብዙ መንገድ እንጽፋለን። "ደብረ ማርቆስ"፣ "ደብረማርቆስ"፣ "ደ/ማርቆስ" ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለማሽኑ ሦስት። አንዱ ጸሐፊ "ምሥራቅ ጎጃም"፣ ሌላው "ምስራቅ ጎጃም" ብሎ ከመዘገበ የአንድ ዞን ምርት ለሁለት ተከፍሎ ይደመራል። ዜናውም ተሳስቶ ይወጣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ሠን በሰ፣ ሐን በሀ ተካ የሚሉ ጥቂት መስመሮች ናቸው።

በተቃራኒው ሰሜን አቸፈርና ደቡብ አቸፈር ሁለት ወረዳዎች ናቸው፤ ስማቸው ተመሳሰለ ተብሎ መቀላቀል የለባቸውም። የቀኑም ነገር አለ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ናት። ለፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር ሲያይ ስህተት ነው ብሎ ይጥለዋል። ይህን ሁሉ ቶሎ የሚያየው አገሩን የሚያውቅ ዘጋቢ ነው። "ለአይቲ ልጆች እንተወው" ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው።

"ያለ ኢንተርኔት አይሆንም"

ለመጫን ያስፈልጋል። አንዴ ከተጫነ ግን ኔት ቢጠፋም ፓይተን ይሠራል። ክፍያም የለውም፤ ለጥቂት ሺህ መስመር ሰንጠረዥ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። መማሪያውን በፍላሽ መቀባበል ነው።

"እኛ ጋ ዳታ የለም"

አለ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የግብርና ናሙና ጥናት ምርትን በየዞኑ ዘርዝሮ ያወጣል። በፒዲኤፍ ስለሆነ ቁጥሮቹን በእጅ መገልበጥ ያደክማል፤ ኮድ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል።

ከሌለም ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ትልቅ ሁከት ተነሳ። የረበሹት ያልተማሩት ናቸው የሚል ግምት ነበር። ፊሊፕ ሜየር የሚባል ጋዜጠኛና ባልደረቦቹ ነዋሪውን በመጠይቅ ጠየቁ፤ መልሱን በኮምፒውተር መረመሩት። ኮሌጅ የገባውም፣ ሁለተኛ ደረጃ ያቋረጠውም እኩል ተሳትፎ ተገኘ። ዳታውን ማንም አልሰጣቸውም። እኛስ የቢቸናን፣ የደጀንንና የአዴትን የጤፍ ዋጋ በየገበያው ቀን ብንመዘግብ? ዓመት ሲሞላ ስንት ዜና ይወጣዋል!

"ኤአይ እያለ ለምን እንማራለን?"

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮድ ይጽፋል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን "ምሥራቅ"ን እና "ምስራቅ"ን ለየብቻ ደምሮ ቢሰጣችሁ፣ ኮዱን ማንበብ ካልቻላችሁ በምን ታውቃላችሁ? ድምሩ ትክክል ይመስላል። እኔ ከማሳተሜ በፊት ኮዱን መስመር በመስመር አነባለሁ። ከዚያ ከሰንጠረዡ አሥር ረድፍ መርጬ፣ በወረቀት ደምሬ አመሳክራለሁ።