«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና የድንጋይ ሽበት

ይህን ተረት መዋጮ ሲሰበሰብም፣ ማኅበር ሲቋቋምም እንሰማዋለን። ብዙ ጊዜ «እንብዛ» ለማለት ነው የምንጠቀምበት። እኔ ግን ስለ ብዛት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

ምስሉ የመጣው ከክር ነው። ነጠላ ክር ሕፃን ይበጥሰዋል። ሲገመድ ግን አውሬ ይይዛል። ሺህ ክር ሳይገመድ ቢከመር ጥጃም አያስርም። ስለዚህ ተረቱ የሚያወራው ስለ አያያዙ ነው።

ለዚህ ከድንጋይ ሽበት የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሳይንሱ ላይከን ይለዋል። ተክል ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም። የፈንገስ (የሻጋታና የእንጉዳይ ወገን) ድሮች አልጌ የሚባሉ ደቃቅ አረንጓዴ ሕያዋንን አቅፈው ይይዛሉ። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ፈንገሱ ደግሞ መጠለያ ይሆነዋል። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሲናገር ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እሱም ቢሆን ፈንገሱን ጌታ፣ አልጌውን ባሪያ አድርጎ ነበር የሳለው። ይሄ ማበር አይባልም!

ከላይከኖች እኔን በጣም የሚማርኩኝ ቅጠል መሰሎቹ ናቸው። ጠፍጣፋ ናቸው፣ የላይና የታች ገጻቸውም ይለያያል። ብዙዎቹ ሥር በሚመስሉ ቀጫጭን ክሮች ግንድ ላይ ይጣበቃሉ። ኡምቢሊካሪያ የሚባለው ግን ከድንጋይ ጋር የሚያያዘው መሀሉ ላይ ባለች አንዲት ነጥብ ነው። ዛንቶሪያ ፀሐይ ያገኘው ግድግዳ ላይ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ይደምቃል። ከፓርሞትሬማ አንዱን ዝርያ ሕንዶች ለቅመም ይጠቀሙበታል። ሎባሪያ ፑልሞናሪያ ሳንባ ስለሚመስል ድሮ አውሮፓ ውስጥ ለሳንባ በሽታ ይሰጥ ነበር። እሱ ውስጥ ያበሩት ሦስት ናቸው፦ ፈንገስ፣ አረንጓዴ አልጌ፣ እና ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለምግብነት የሚያዘጋጅ ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ።

ቅጠል መምሰል ግን ዝምድና አይደለም። ድሮ መልክ ትልቅ መለያ ነበር። ዛሬ ምደባው የፈንገሱን የዘር ሐረግ ይከተላል፣ ዲኤንኤም ይመረመራል። በዚህም ቅጠል መሰሎቹ በተለያዩ ቤተሰቦች ተበትነው ተገኝተዋል። የላይከኑ ሳይንሳዊ ስምም የፈንገሱ ስም ነው፤ አልጌው የራሱ ስም አለው።

ስሙን የያዘው ፈንገስ ግን ቅጠሉን ብቻውን አይሠራውም። ተመራማሪዎች ከአልጌው ለይተው ላብራቶሪ ውስጥ ሲያሳድጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅርጽ የሌለው ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይቀራል።