ስለ መድረክ መብራት ባለሙያ ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የመብራት ሰው ማታ መጥቶ ቁልፍ የሚጫን ነው»

ከምሽቱ 3 ሰዓት ለሚጀምር ኮንሰርት ቡድኑ አዳራሽ የሚገባው ብዙ ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ትራሱ (መብራቶች የሚሰቀሉበት የብረት ማዕቀፍ) መሬት ላይ ይገጣጠማል፣ ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ መብራቶቹ ይታሰሩበታል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ መብራት በርቶ ይሞከራል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ የሚነሣው። ሳይሞከር የተሰቀለ መብራት እምቢ ካለ መሰላል መውጣት፣ አልያም ሁሉንም መልሶ ማውረድ ይመጣል። ቀጥሎ አቅጣጫ ማስያዝና በኮንሶሉ (መብራቶቹን በሚያዝዘው ሰሌዳ) ላይ ቀለማቱንና እንቅስቃሴውን ማዘጋጀት አለ። የድምፅ ሰዎች ሳውንድ ቼክ ሲጀምሩ የመብራት ሥራ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ማለቅ አለበት።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላም ሥራ አለ። የቢም (ቀጭን ጠንካራ ጨረር የሚያወጡ) መብራቶች አምፖል መጀመሪያ ከኮንሶሉ ይጠፋል፤ ፋናቸው ግን 10 ደቂቃ ያህል መሽከርከር አለበት። ሁሉም ሰው ለመሄድ ሲቸኩል ጄኔሬተሩ በድንገት ከጠፋ ሙቀቱ ውስጥ ይታመቅና የአምፖሉን ዕድሜ ይቀንሳል።

«ሶኬት ካለ ኃይል አለ»

ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ዘወትር የሚሰማ አባባል ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ 24 ኤልኢዲ ፓር (ባሉበት ቆመው ቀለም የሚያበሩ መብራቶች) በ200 ዋት 4,800 ዋት፣ 12 ቢም ሙቪንግ ሄድ (ራሳቸውን የሚያዞሩ መብራቶች) በ400 ዋት ሌላ 4,800፣ ሁለት የጭስ ማሽን በ1,500 ዋት 3,000፤ ድምሩ 12,600 ዋት። በ220 ቮልት ይህ ሁሉ ከአንድ ፌዝ (ኃይል ከሚያመጣ አንድ ሽቦ) ይምጣ ቢባል 57 አምፔር ይፈልጋል፤ የግድግዳ ሶኬት ግን ብዙውን ጊዜ 16 አምፔር ነው። በሦስት ፌዝ እኩል ሲከፋፈል በእያንዳንዱ 19 አምፔር ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ጭነት 25 ኬቪኤ ጄኔሬተር መከራየት ይሻላል፤ ጭስ ማሽን ሲሞቅና ሙቪንግ ሄድ ሲነሣ የሚመጣውን ድንገተኛ ጭነት የሚሸከም ትርፍ ያስፈልጋልና።

ከሁሉም የሚያስፈራው የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መላቀቅ ነው። ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ከለቀቀ በፌዞቹ መካከል ያለው 380 ቮልት በመሣሪያዎቹ ላይ ይከፋፈላል፤ ያነሰ ጭነት ያለበት ፌዝ ላይ ያሉት ከ220 በላይ ያገኛቸውና በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላሉ። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ እሱ የሚያየው አምፔር ነው። ስለዚህ ሲያያዝ ኧርዝ (የመሬት ሽቦው) ይቀድማል፣ ኒውትራል ይከተላል፣ ፌዞቹ መጨረሻ ናቸው፤ ሲፈታ በተቃራኒው። አንድም መብራት ሳይሰካ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር በመለኪያ ይታያል። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ በችኮላ መዝለል ግን ይቅር የማይባል ስህተት ነው።

«የማይክ ገመድና የዲኤምኤክስ ገመድ አንድ ነው»

ባለ ሦስት ፒን ጫፉ ስለሚገጥም ብቻ ብዙዎች እንደዚያ ያስባሉ። ዲኤምኤክስ 512 በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የኮንሶሉን ትእዛዝ ለመብራቶቹ የሚያደርስ ዲጂታል መስመር ሲሆን ኢምፔዳንሱ (ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) 120 ኦም አካባቢ የሆነ ገመድ ይፈልጋል፤ የማይክ ገመድ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አጭር መስመር ላይ ይሠራል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከሰዓት ሲሞከር ደህና የነበረው መስመር፣ ርዝመቱ ሲጨምርና መብራቶች ሲበዙ ማታ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ምልክቱ ገመዱ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ ስለሚመጣ መብራቱ ሁለት ትእዛዝ የደረሰው ይመስል ይወዛወዛል። ለዚህ የመጨረሻው መብራት መውጫ ላይ በፒን 2 እና 3 መካከል 120 ኦም ሬዚስተር ይደረጋል። ዋጋው ኢምንት ነው።

በአንድ መስመር ላይ ከ32 መሣሪያ በላይ አይታሰርም፤ ገመዱን ለሁለት መክፈል ካስፈለገ ስፕሊተር (ምልክቱን የሚያከፋፍል መሣሪያ) እንጂ የዋይ ቅርጽ ገመድ አይሆንም። አድራሻም እንዲሁ በግምት አይሰጥም፦ ባለ 16 ቻናል (16 የትእዛዝ ቁጥሮች የሚይዝ) ሙቪንግ ሄድ ከሆነ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 33 እያለ 12ኛው 177 ላይ ይጀምራል። ሁለት መብራቶች ሳይፈለግ አብረው ከተንቀሳቀሱ መጀመሪያ የሚታየው አድራሻቸው ነው። መስመሩ ከታመመ ደግሞ መሐል ላይ ይነቀላል፤ የፊተኛው ግማሽ ከዳነ ችግሩ ከኋላ ነው፤ ከዚያ የቀረውን እንደገና ለሁለት መክፈል።

«መብራት በበዛ ቁጥር መድረኩ ያምራል»

ባለጉዳዮች 40 ቢም ያዝዛሉ፤ የዘፋኙን ፊት የሚያበራ ግን አንድም የለም። መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት የፊት ብርሃን ነው፦ ከግራና ቀኝ፣ 45 ዲግሪ ያህል ከላይ፣ ሞቅ ያለ ነጭ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ካለው ፓር የሚቀላቀል ነጭ ፊትን ገርጥቶ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ያስመስላል፤ የራሱ ነጭ ዳዮድ ያለው ይመረጣል። የሀበሻ ቀሚስና የሙሽራ ቬሎ ብርሃን በጣም ስለሚመልሱ ከፊት ሲበዛ ካሜራው ላይ ልብሱ ይነጣል፣ ፊቱ ይጠቁራል። የፊቱን መቀነስና ቀለሙን ከኋላ ማምጣት ያስፈልጋል። ከካሜራ ሰው ጋር አስቀድሞ መነጋገርም ግድ ነው፤ ኤልኢዲው ዓይን በማያየው ፍጥነት ይበራል ይጠፋል፤ ይህ ፍጥነት ዝቅተኛ ሲሆን ምስሉ ላይ መስመር ይሮጣል፤ መፍትሔው በመብራቱ ሜኑ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ወይም የካሜራውን ሸተር 1/50 ሰከንድ ላይ ማቆም ነው።

«ጭሱ ለጌጥ ነው»

አየር ላይ ጨረሩን የሚያሳየው ቅንጣት ነው፤ ጭስ ከሌለ ቢሙ ግድግዳ ላይ ነጥብ ብቻ ነው። ስስ ጭስ የሚነፋው ሄዘር በሩ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ በፊት ይጀመራል። ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ይቀመጣል። ፈሳሹ ወለሉን ስለሚያንሸራትት ከተወዛዋዦች እግር ይርቃል። የእሳት ማንቂያ ያለበት አዳራሽ ከሆነ ኃላፊው አስቀድሞ ይነገረዋል።

«ክላምፑ ከጠበቀ አይወድቅም»

አንድ ቢም ሙቪንግ ሄድ 18 ኪሎ ቢመዝን 10ሩ 180 ኪሎ ናቸው፤ ገመዱ ሳይቆጠር። ራሱን እያወዛወዘ ሌሊቱን የሚያድር መሣሪያ ክላምፑን (ከትራሱ ጋር የሚያያዝበትን መቆንጠጫ) ያላላዋል። እያንዳንዱ መብራት በትራሱ ዙሪያ የሚያልፍ የብረት ሴፍቲ ገመድ ሊኖረው ይገባል፤ ገመዱም ያጠረ ይሁን፣ የሚወድቅበት ርቀት በጨመረ ቁጥር ጉተታው ይበረታልና። መሐል ላይ የተከመረ ጭነት ለትራስ እኩል ከተከፋፈለው በእጅጉ ይከብዳል፤ ልኩ የአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ አለ። ክረምት ላይ ሜዳ ሲሠራ ነፋሱ ሲበረታ ትራሱን የማውረድ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ከጠዋቱ ይታወቅ።

«ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ነው»

ጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይጨናነቃሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ኮንሰርትም ይቀንሳል። ገመድ የሚጠገነው፣ የመብራት መስታወትና ፋን ከአቧራ የሚጸዳው ያን ጊዜ ነው። ውል ሲጻፍም ቅድሚያ ክፍያ፣ ከተባለው ሰዓት ሲያልፍ የሚታሰበው ሒሳብና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚችል በየራሳቸው መስመር ይስፈሩ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጭቅጭቅ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በነዳጁ ነው።