ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፦ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና የአፍሪካ ቀንድ

ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ በሚጠብበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወዲህ ጅቡቲና ኤርትራ፣ ከወዲያ የመን፤ ከየመን ጀርባ ደግሞ በነዳጅ የበለጸጉት ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አሉ። ስለዚህ ጉርብትና ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ከወዲያ ስለሚመጣው ገንዘብ ነው፤ ከወዲህ የሚሻገረው ግን ከዚያ አይተናነስም።

ጥንታዊው ንግድ የቁም እንስሳት ነው። ከሶማሊላንዷ ወደብ ከበርበራና ከጅቡቲ በመርከብ ከሚጫኑት በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተነድተው የሚመጡ ናቸው፤ ገበያውም የሚደራው በሐጅ ሰሞን ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ከእንስሳት ወደ ሰው በሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሽታ ምክንያት በሯን ስትዘጋ እገዳው እስከ 2009 ቆየ። ሪያድ ላይ የተላለፈ አንድ ውሳኔ በረሃ ውስጥ የሚኖረውን አርብቶ አደር ለዓመታት ገቢውን አሳጣው። የግንኙነቱ ሚዛን ወዴት እንዳጋደለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የጸጥታውን ትስስር ያጠበቀው የየመን ጦርነት ነው። በጦርነቱ የተሳተፈችው ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2015 የቀድሞዋ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ አሰብ ላይ የጦር ሰፈር አቋቋመች፤ በ2021 ማፍረስ ጀመረች። በ2017 ሳዑዲና ኤምሬቶች ከኳታር ሲጣሉ ጠቡ ባሕር ተሻገረ፤ ጅቡቲና ኤርትራ ወደ ሪያድ ስላደሉ፣ ኳታር በሁለቱ ድንበር ላይ ያሰፈረቻቸውን ሰላም አስከባሪዎች አስወጣች። በጎ ጎንም ነበረው፤ በ2018 ኤምሬቶች ለኢትዮጵያ 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገባች፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎችም ጂዳ ላይ በንጉሥ ሰልማን ፊት ስምምነት ፈረሙ። በ2020 በሪያድ በ8 አገሮች የተመሠረተው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ምክር ቤት ግን ኢትዮጵያን አላካተተም። የባሕር በር ባይኖራትም ወጪና ገቢ ንግዷ በአብዛኛው በዚሁ ባሕር ስለሚያልፍ፣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። «ዓረብ አገር» ሄደው በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ ሴቶች የሚልኩት ገንዘብ ቤት ያሠራል፣ ታናናሾችን ያስተምራል፤ እነሱ ግን በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው መሄድን አገደች፣ እገዳውም እስከ 2018 ዘለቀ። መንገዱ ግን አልተዘጋም፤ ወጣቶች በእግር እስከ ጅቡቲዋ ኦቦክ እየተጓዙ፣ በሌሊት በደላሎች ጀልባ ወደ የመን መሻገራቸውን ቀጠሉ።