በበጋ ቀን ብርቅዬ ወፍ ፍለጋ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ቆላ

በሰሜን ሸዋ ብርቅዬ ወፎችን ለማየት የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የአውሮፓንና የእስያን ክረምት የሸሹ ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎችም በደጋው ሜዳ ላይ ከአገሬው ወፎች ጋር ይታያሉ። የአንድ ቀኑ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ በታኅሣሥና በጥር ንጋት ውርጩ ስለሚበረታ ጋቢ መደረብ ግድ ነው።

ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ላይ ጋጋኖ ይሰማራል። ከጉንጩ ሥር የተንጠለጠለች ሥጋ ያለችው ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም፤ እዚህ ግን እንደ ልብ ነው። ቢሆንም ሌላ ዘመዱ ተቀላቅሎ እንደሆነ መንጋውን ደግሞ ማየት አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሶርያ ፓልሚራ በሳተላይት መሣሪያ የተከተሏቸው፣ ራሳቸው መላጣና ቀላ ያለ ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ደጋ የብርዱን ወራት ሲያሳልፉ ተገኝተዋል። ያ የሶርያ መንጋ ዛሬ የለም፤ ይህ እጅግ ያሳዝናል።

የጉዞው ዋና ምክንያት የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ትንሽ ዘር ለቃሚ ወፍ ናት። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን ዝርዝር መግለጫዋ በ1979 ታተመ። ለረጅም ጊዜ በአንኮበር ዙሪያ ካለው ገደል ውጭ እንደማትኖር ይታመን ነበር፤ በኋላ ግን በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። ዛሬም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው ከተመዘገቡት ወፎች አንዷ ናት።

መልኳ ልታይ ልታይ አይልም። ከድንቢጥ አትበልጥም፤ ግራጫማ ቡናማ ሆና ጀርባዋና ደረቷ በጠቆረ መስመር ተዥጎርጉሯል፤ መንቁሯም ከሌሎች ዘር ለቃሚ ዘመዶቿ ቀጠን ይላል። በትንንሽ መንጋ እየሆነች በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከብት በጋጠው መሬት ትለቅማለች። አንዳች ነገር ሲያስደነግጣቸው ሁሉም ባንዴ ተነሥተው ከአፋፉ ወደ ታች ይወረወራሉ፤ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው በቅጽበት ይሰወራሉ። ስለዚህ ተከትሎ ከመሮጥ ከአፋፉ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ። እስከዚያው ባዶ እጅ መቀመጥ የለም፦ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፣ ወፍራም መንቁር ያለው ቁራ ያልፋል፣ አጥንት ከከፍታ ጥሎ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም በገደሉ ነፋስ ይንሳፈፋል።

ፀሐይ ከፍ ስትል ወደ አልዩ አምባና መልካ ጀብዱ መውረድ ነው። በአጭር መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ 1,500 ሜትር አካባቢ ወዳለው ግራርና ሙቀት ይገባል፤ ጋቢው ይወልቃል። እዚህ የሚፈለገው ቢጫ ጉሮሮ ያለው ትንሽ ግራጫ ዘር ለቃሚ ነው። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከሸዋ በተሰበሰቡ ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ታውቆ፣ ከዚያ እስከ 1989 ድረስ እንደገና አልታየም፤ ከሁለት ወፎች የተዳቀለ ነው ያሉም ነበሩ። በዚያ ዘመን የሸዋን ወፎች ከሰበሰቡት አንዱ ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነበር፤ ምኒልክ በሰጡት ልጥ ማረፊያ በተባለ አንኮበር አቅራቢያ ባለ ስፍራ ሰፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አረፈ። ወፉን ለመለየት ጉሮሮው ላይ ያለችውን የደበዘዘች ቢጫ ነጥብ ማየት ያሻል፤ ሲነሣ የወገቡ ቢጫነት ብቻውን አያስተማምንም፣ ተመሳሳይ ዘመድ አለውና።

ይህ ቀን ለጀማ ወንዝ ሸለቆ አይበቃም። የዓይኑ ዙሪያ የቀላው የሀርዉድ ቆቅ የሚገኘው ግን በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ በጀማና በመሰል ሸለቆዎች ነው፤ እሱን የሚሻ ሰው በመርሐቤቴ መንገድ ሌላ ቀን ይያዝ።